ሦስት ቴርሞሜትርና የእናቴ እጅ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። ቻርጀርና ፓወር ባንክ እየፈታሁ የትኛው እንደሚያዛልቅ፣ የትኛው በሳምንቱ እንደሚሞት ስጽፍ የምታነቡኝ ታውቁኛላችሁ። ዛሬ የፈታሁት ቴርሞሜትር ነው። አዎ፣ የትኩሳት መለኪያ። ለዚህ ደግሞ ምን ሪቪው ያስፈልገዋል የሚል አይጠፋም። እኔም ከዓመት ተኩል በፊት እንደዚያው ነበርኩ።

ሴት ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። የደም ካንሰር አለባት፣ ሉኪሚያ የሚሉት። አጀማመሩን አላረዝመውም። ገረጣች፣ ድክም ድክም አላት፣ ሳትወድቅ እግሯ ይበልዝ ጀመር፣ ደም ተመረመረች፣ ሪፈር ተጻፈልን፣ አዲስ አበባ ሄድን። ጥቁር አንበሳ የልጆች ካንሰር ክፍል ወራት ከረምን። አሁን ከባዱ አልፎ ደሴ ተመልሰናል። ማታ ማታ ኪኒኗን ቤት ትውጣለች፣ በየወሩ ለመርፌና ለክትትል እንመላለሳለን። ሁሉም ደህና ከሄደ ሕክምናው በጠቅላላው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይፈጃል።

በሁለት ዙር ኬሞ፣ ማለትም የካንሰሩ መድኃኒት፣ መሐል ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤት ስንሸኝ ሐኪሟ ብዙ ነገር ነገረችን። ባለቤቴ ጻፈች፣ እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። ባለቤቴ በቀይ ሁለት ጊዜ ያሰመረችበት ግን አንድ ነገር ነው። ኬሞ ነጭ የደም ሴልን ያወርዳል። ነጭ ሴል ሲወርድ ሰውነት ጀርምን የሚመክትበት ጉልበት ያጣል። ሌላ ልጅ ላይ የሚታየው እብጠት፣ መግል፣ መቅላት ላይታይ ይችላል። ምልክቱ ትኩሳት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ 38 ከሞላች ነገ እናያለን የሚባል ነገር የለም። ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል። ፓራሲታሞል ሰጥቶ መጠበቅም የለም፤ ትኩሳቱን ይደብቀዋል እንጂ ኢንፌክሽኑን አይነካውም።

"ቤት ቴርሞሜትር አላችሁ?" አለችን።

"እንገዛለን" አልኳት። ምን አለው፣ እንደ ዳቦ ነው የመሰለኝ።

ሦስት ዓይነት ነው የገዛሁት። በየተራ፣ አንዱ ሲያናድደኝ ሌላውን።

የመጀመሪያው የመስታወቱ ነው። ውስጡ ሜርኩሪ ያለው፣ ነርሶች እጃቸውን እያወናጨፉ የሚያራግፉት። 150 ብር። ልኩ ላይ አቃቂር የለኝም። ባትሪ አይፈልግ፣ አይዋሽ። ግን ብብት ሥር አምስት ደቂቃ ያህል መቆየት አለበት። ስቴሮይድ የጀመረች ልጅ አምስት ደቂቃ አንድ ቦታ ቁጭ አድርጋችሁ ታውቃላችሁ? መድኃኒቱ ያነጫንጫታል፣ ያስርባታል፤ ሌሊት ተነስታ ፍርፍር የምትጠይቅ ልጅ ናት። በሦስተኛው ሳምንት ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ተሰበረ። ሜርኩሪው እንደ ጤፍ ተበትኖ አልጋ ሥር ገባ። እናቴ መጥረጊያ አነሳች፣ እኔ ጮህኩ። መጥረጊያ ይበልጥ ይበታትነዋል። ልጆቹን አስወጥቼ፣ መስኮት ከፍቼ፣ በሁለት ቁራጭ ካርቶን እየገፋሁ ሰበሰብኩት። ባለቤቴ የወርቅ ቀለበቷን አውልቃ ሌላ ክፍል ወሰደች፤ ሜርኩሪ ወርቅ ከነካ ይዋሃደዋል። በሞባይል መብራት ጠብታ ስፈልግ አመሸሁ። ልጅ ላለበት ቤት አይሆንም። አለቀ።

ሁለተኛው ሽጉጡ ነው። በኮሮና ጊዜ ባንክ በር ላይ ግንባራችን ላይ ሲደገን የነበረው። 2,800 ብር። ያንን ብር ለማውጣት ሁለት ቀን አሰብኩ። ሻጩ "በአንድ ሰከንድ ይለካል" አለኝ። አልዋሸም። በአንድ ሰከንድ ቁጥር ይሰጣል። የፈለገውን ቁጥር።

ሥራዬ ነውና ካቻቪቴ አንስቼ ፈታሁት። አሠራሩ አይናቅም። ፊቱ ላይ ያለችው ትንሽ ዓይን ከቆዳ የሚወጣውን ሙቀት ነው የምታየው። የሰውነትን ውስጥ አታውቅም። የቆዳውን ትወስድና ውስጡ ይህን ያህል ይሆናል ብላ ታሰላለች። ቆዳ ደግሞ የዋለበትን አየር ይመስላል። እኛ ያለነው ደሴ ነው። ከጦሳ የሚወርደውን ነፋስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሐምሌ ላይ ጉሙ በር ገፍቶ ይገባል። ልጄ ከደጅ ስትገባ ሽጉጡ 35.3 ይላል። ኮፍያዋን አውልቄ ወዲያው ስለካ 37.9። ፀጉሯ ረግፎ ስለነበር እናቴ የሠራችላትን የሱፍ ኮፍያ ከራሷ አታወርድም፣ ግንባሯ ከሥሩ ይሞቃል። ሩብ ሰዓት ጠብቄ ደግሜ ስለካ 36.9። በዚያ ሩብ ሰዓት ባለቤቴ ቦርሳ አዘጋጅታ፣ ሻሿን አስራ፣ በር ላይ ቆማ ነበር።

ዋናውን ሙከራ የሠራልኝ ግን መንገዱ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቆላውንም ደጋውንም በአንድ ቀን ያሳያችኋል። ለአንድ ቀጠሮ ስንሄድ ሽጉጡንና ቀጥዬ የምነግራችሁን ሦስተኛውን ሁለቱንም ያዝኩ። ሸዋ ሮቢት ለምሳ ስንወርድ ሽጉጡ 37.8 አለ። ደነገጥን። ሦስተኛው 36.7። ጣርማ በር ላይ ብርዱ ጥርስ ሲያንቀጫቅጭ እንደገና ለካሁ። ሽጉጡ 35.1፣ ሦስተኛው 36.6። ያችው ልጅ፣ በዚያው ቀን። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ "ወንድሜ፣ ልጅቷን ደጋግመህ የምትለካት ምን ሆና ነው?" አለ። ልጅቷን አይደለም፣ መለኪያውን ነው የምለካው አልኩት።

ቁልፉ መብዛቱ ሌላ ጣጣ ነው። ትልቁ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሌባና ፖሊስ ሲጫወትበት ቆይቶ ወደ ፋራናይት ቀይሮታል። በማግስቱ እናቴ ስትለካት 97.8 አለ። "ልጄ ፈላች!" ብላ ስትጮህ ሰፈሩ ወጣ። 97.8 ፋራናይት ማለት 36.6 ነው፣ ጤና ነው፣ ግን ይህን ለተሰበሰበው ጎረቤት ማስረዳት ቀላል አልነበረም። ሌላ ቁልፍ ደግሞ አለ፣ ወደ ዕቃ ሙቀት መለኪያ የሚቀይር። በእሱ ከተለካ ሰው ሁሉ 32 እና 33 ነው። ሱቁ እንዲመልስልኝ ጠየቅኩ። "የተከፈተ ዕቃ አይመለስም" አሉኝ። እኔም ሱቄ ግድግዳ ላይ ይህንኑ ጽፌ ስለለጠፍኩ ዝም ብዬ ወጣሁ።

አንድ ነገር አልክደውም፤ ስክሪኑ ይበራል፣ ትኩሳት ሲያገኝ ደግሞ ቀይ ይሆናል። የዚህን ጥቅም ወደ ኋላ ላይ ትረዱታላችሁ።

ሦስተኛው እስክርቢቶ የሚያህል ነው፣ ጫፉ ብረት፣ ሆዱ ላይ ትንሽ ስክሪን። ቤታችን "እስክርቢቶው" ነው የምንለው። 350 ብር። ፋርማሲ ውስጥ ከመስታወቱ ጀርባ ተደርድሮ ማንም ዞር ብሎ የማያየው። ማርካውን አልጽፍም። እኔ ያለኝ የቻይና ነው፣ የሌላም ማርካ ሁለት ፈትቼ አይቻለሁ፣ ውስጣቸው ዘመዳሞች ናቸው።

አጠቃቀሙን ካወቃችሁበት ይህ ነው የሚገዛው። ብረቱ ብብት ውስጥ ቆዳ መንካት አለበት፤ ካናቴራ መሐል ከገባ የምትለኩት ካናቴራውን ነው። ላብ ካለ ጥረጉ። ክንዷን ጎኗ ላይ አጥብቃችሁ ያዙ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይጮሃል። አትመኑት! የእኔ 36.4 ላይ ጮኸ፣ ሳላወጣው ሁለት ደቂቃ ስጨምር 36.7 ደረሰ። 38 ላይ ቁርጥ ያለ መስመር ባለበት ቤት 0.3 ማለት መሄድና መቅረት ነው። ብብት ከአፍ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ያሳያል፣ ስለዚህ ስንደውል "በብብት" ብለን ነው ቁጥሩን የምንናገረው። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ ሁልጊዜ በአንድ መለኪያ። በመቀመጫ በኩል መለካት ግን ኬሞ ላይ ላለ ልጅ ክልክል ነው፤ ትንሽ ጭረት ለጀርም በር ነው።

ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛው፣ ጩኸቱ የተኛ ልጅ ይቀሰቅሳል። እኔ ጎበዝ ነኝ ብዬ ከፍቼ ድምፅ ማውጫው ላይ ቴፕ ለጠፍኩበት። ሁለተኛው፣ ስክሪኑ መብራት የለውም። ሁለቱ የተገናኙበትን ሌሊት ልንገራችሁ።

ሐምሌ ነው። ኬሞ ከወሰደች አሥረኛ ቀኗ፣ ነጭ ሴል ወርዶ በሚገኝበት ሰሞን። መብራት ጠፍቷል። እናቴ ከልጅቷ ጋር ነው የምትተኛው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቀሰቀሰችኝ። "ተነስ፣ ልጅቷ ልክ አይደለችም።"

እስክርቢቶውን ብብቷ ውስጥ ከተትኩ። ድምፁን አፍኜዋለሁ፣ ስለዚህ ይጩህ አይጩህ አላውቅም። ስክሪኑ አይበራም፣ ስለዚህ ቁጥሩን አላይም። ሞባይሌን በጥርሴ ነክሼ፣ በአንድ እጄ ክንዷን ይዤ፣ በሌላው ስክሪኑን ወደ ብርሃኑ ሳዘነብል ቁጥሩ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። 37.8። ባለቤቴ ሰዓቱን ደብተር ላይ ጻፈች።

እናቴ ምች ነው አለች። ዳማከሴ ልጨምቅላት ብላ ተነሳች። ባለቤቴ መደርደሪያው ላይ ያለውን የፓራሲታሞል ሽሮፕ አየችው። እኔም አየሁት። አንድ ማንኪያ ቢሰጣት ትተኛለች፣ እኛም እንተኛለን። ዝናቡም እየዘነበ ነው። እጃችን እስኪደርስ ያህል ቅርብ ነበር። ማንም አልነካውም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሜ ለካሁ። 38.2።

ባጃጅ ያለውን የጎረቤታችንን ልጅ አስነሳነው። ኮቱን በፒጃማው ላይ ደርቦ ወጣ፣ ምን ሆናችሁ እንኳ አላለም። የባጃጁ ሸራ ሲርገበገብ፣ ዝናቡ በጎን ሲገባ፣ በጋቢ ጠቅልዬ አቅፌያት ሄድን።

የደረስንበትን ጤና ተቋም ስም አልጽፍም፣ የሚጠቅም ነገር የለውም። በር ላይ የተቀበለን ልጅ ሽጉጥ አወጣ። የእኔኑ ሽጉጥ፣ ያንኑ ማርካ! በዝናብና በነፋስ የመጣ ግንባር ላይ ደገነው። 36.8።

"ትኩሳት የላትም። ካርድ አውጡና ተራ ጠብቁ" አለ።

ስለዚያ መለኪያ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በዚያ ሌሊት እዚያ አልነበረም፣ ግን ምላሴ ተሳሰረ። ባለቤቴ ናት ደብተሩን የከፈተችው። 8፡10 ላይ 37.8፣ 8፡40 ላይ 38.2። ከሥሩ ሐኪሟ በእጇ ጽፋ ያተመችበት አለ፦ ኬሞ ላይ ያለች ልጅ ናት፣ 38 ከሞላች ድንገተኛ ነው። "ወንድሜ፣ ሞትኩልህ፣ በብብት ለካት" አለችውና እስክርቢቶውን ሰጠችው። ልጁ አልተቆጣም፣ ይህን ልመስክርለት። ብብቷ ውስጥ አድርጎ ቆሞ ጠበቀ። 38.6። ከዚያ በኋላ ሮጠ። ደም ተወሰደ፣ ግሉኮስ ተሰቀለ፣ አንቲባዮቲኩ በደም ሥሯ ገባ። ጠዋት ውጤቱ ሲመጣ ነጭ ሴሏ ከሞላ ጎደል የለም የሚባል ነበር።

ዘጠኝ ቀን ተኛች። እናቴ ዱአ ላይ ናት፣ ጎረቤታችን እትዬ ጠበል በሃይላንድ ይዘው ይመጣሉ፣ የባጃጁ ልጅ ሳህን ያመላልሳል። የገባው ሁሉ "አብሽር፣ አላህ አፊያ ያደርጋታል" ይላል፣ የወጣው ሁሉ "እግዜር ይማርልህ" ይላል። ወሎ ነው፣ ማንንም አይደንቀውም። የደነቀኝ እኔን ነው፤ ከዚያ በፊት የታመመ ሰው ልጠይቅ ሄጄ በር ላይ ሰዓቴን የማይ ሰው ነበርኩ።

እዚያው ክፍል ከላስታ በኩል የመጣች እናት ነበረች፣ ልጇ እንደ እኛው ልጅ ኬሞ ላይ ያለ። ቴርሞሜትር የላትም። ትርፍ የገዛሁትን እስክርቢቶ ሰጠኋት። ካመሰገነች በኋላ ቀስ ብላ "ቁጥር እኮ አላውቅም" አለችኝ። የሽጉጡ ቀይ ስክሪን ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ለእሷ ዓይነት ሰው የሚሆን ነገር ያለው እሱ ላይ ነው፣ መለኪያው ደግሞ የማይታመነው እሱ ነው። እነዚህን ሁለቱን ለምን አንድ ላይ እንደማይሠሯቸው አይገባኝም። የመድኃኒት ካርቶን ቀድጄ፣ በስክሪኑ ላይ እንደሚታየው አድርጌ፣ በማርከር 38፣ 39፣ 40 ብዬ አወፍሬ ጻፍኩላት። "ከነዚህ አንዱን ከመሰለ መኪና ፈልጊ" አልኳት። ከሁለት ወር በኋላ ደወለችልኝ። ከጀርባዋ የመኪና ድምፅ ይሰማል። "ወንድሜ፣ ያ የመጀመሪያው መጥቷል። መንገድ ላይ ነን" አለች። እስክርቢቶው ከአሥር ስምንት ያገኘው ግማሹ ለዚህ ነው።

ቤት ስንመለስ መጀመሪያ ያደረግኩት ቴፑን መላጥ ነው። ይጩህ፣ ይቀስቅሳት። ለስክሪኑ ደግሞ መብራት ካለው ላይተር ላይ መብራቷን ለይቼ አወጣሁና በላስቲክ አሰርኩበት። ያምራል አልልም። ግን አሁን ሞባይል አልነክስም።

ባትሪው የሰዓት ባትሪ ነው፣ ኤልአር 41 ይሉታል፣ ሰዓት ጠጋኞች ጋ አይጠፋም። ሲደክም ስክሪኑ ይደበዝዛል። ሁለት መለዋወጫ ቦርሳችን ውስጥ አለ፣ ትንንሽ ልጅ ከማይደርስበት ኪስ፤ ቢዋጥ ራሱን የቻለ ድንገተኛ ነው። ጫፉን በአልኮልና በጥጥ ጥረጉት፣ ይበቃዋል። አንዲት ዘመዳችን "በደንብ ላጽዳላችሁ" ብላ በብረት ድስት ቀቅላ አንዱን ገድላብናለች። አቅም ካላችሁ ሁለት ግዙ፣ አንዱ ለቤት አንዱ ለጉዞ ቦርሳ። ሁለቱ ተደምረው የሽጉጡን ሩብ ዋጋ ነው የሚያወጡት።

ነጥቡን እንግዲህ ልስጥ። የመስታወቱ አምስት፣ ልጅ ለሌለበት ቤት። ሽጉጡ ሁለት፣ እሱም ለስክሪኑ። እስክርቢቶው ስምንት፤ አንዱን የቀነስኩት ለመብራቱ፣ አንዱን ቸኩሎ ለሚጮኸው።

አራተኛ ተወዳዳሪም አለ፣ እጅ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ደብተሩ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሬያለሁ። እስክርቢቶው ከመግባቱ በፊት እናቴ የልጅቷን ግንባርና አንገት በእጇ ጀርባ ትነካና "አለ" ወይም "የለም" ትላለች። እስካሁን 41 ጊዜ። 36ቱን አግኝታለች። ከሳተቻቸው አምስት ውስጥ አራቱ "አለ" ብላ ያልነበረበት ነው፣ ይህ አይጎዳም። አንዱ ግን "የለም" ብላ እስክርቢቶው 38.1 ያለበት ነው። ነገሩ ግራ ገብቶኝ ሳስብ የገባኝ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ቡና ስትቆላ ቆይታ ነው የነካቻት። የራሷ እጅ ግሎ ስለነበር የልጅቷ ግንባር ቀዘቀዘባት። ከሽጉጡ ጋር አንድ በሽታ ነው፣ ቆዳ ሁልጊዜ የዋለበትን ይመስላል። ያን ቀንም ሄድን፣ በሦስተኛው ቀን ተመለስን።

ይህን ስጽፍ አጠገቤ ቁጭ ብላ ሁለተኛውን ቡና ትቀዳለች። ልጅቷ ጭኗ ላይ ተኝታለች፣ ፀጉሯ እንደ ጫጩት ላባ ብቅ ብቅ እያለ ነው። ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት።

"እኔንስ ከአሥር ስንት ሰጠኸኝ?"

"ሰባት ተኩል" አልኳት።

ሲኒውን አቀበለችኝና ትንሽ አሰበች።

"ባትሪ እንደማልጨርስ ጽፈኸዋል?"